ሰፊው

ሐኪሙ ልጅ ነበር፤ ጋዋኑ ሰፍቶታል፣
እጅጌው ወርዶ ወርዶ ጣቶቹን ውጦታል።
ወረቀት ያገላብጣል እኔን እንዳያየኝ፤
ወንድሜን ጠቀሰው፣ ውጭ ሊነግርልኝ።
«ተው» አልሁት «ዶክተሬ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤
ጨርቁ ሲያንስ የምነግር ለባለ ጨርቁ ነው፣
ዐይኑን እያየሁት በዐይኔ።
ስንት ክንድ ቀረልኝ?»
«ጥቅምት» አለ ቀስ ብሎ፤ «ምናልባት ኅዳር…»
እጁን ያዝሁት ያኔ፣
እጅጌውን ሁለቴ አጠፍሁለትና
«አሁን ልክህ ሆነ» ብዬው ወጣሁ እኔ።

ታፔላው በሩ ላይ «ፈለገ ሕይወት» ይላል።
ማን ያልፈለገ አለ? ሁሉም ይፈልጋል።

በሞጣ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ሲዘል
ወንድሜ አንማው፣ ፊቱ ወደ መስኮት፣ ድምፁን ውጦ ያነባል።
እኔ ከፊቴ ያለ የሰው ኮሌታ አያለሁ፣
ክሩ የተመዘዘ፤ ኪሴን ብዳብስ መርፌ አጣሁ።
ይህም ሰው ይሞታል፣ ይህስ መች ቀረለት፤
ግን እስከዚያ ድረስ ኮሌታው ይሰፋለት።

ብቸና ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ኖሯል፤
ሰው በረንዳዬ ላይ እንደ ለቅሶ ሞልቷል።
አንዷ ጠበል ይዛ፣ አንዱ የጮቄ ማር።
አላምረው ግን መጣ አረንጓዴ ቁምጣ
ቂጡ የተቀደደ በብብቱ ይዞ፤
«ሰምቻለሁ» አለኝ፣ መሬት መሬት ሳያይ፣
«ሳትሄድ ጥቀምልኝ።»
ሰዉ ሁሉ ተቆጣው።
እኔ ሳቅሁ። ከባሕር ዳር ወዲህ
እንደ ሕያው ያየኝ እሱ ብቻ ነበር።
የሲንጀሬን ክዳን አነሣሁ።

ሌሊት ሌሊት ጎኔ ውስጥ መቀስ ይከፈታል፤
ትራስ እነክሳለሁ፤ ያልፋል፤ ተመልሶ ይመጣል።
ጀግና ነኝ አልልም። ባንዱ የነሐሴ ሌሊት
እግዜርን በስድብ ቀረብሁት፤
ሲነጋ ግን መጣሁና ፔዳሉን ረገጥሁት።

ጠዋት ጠዋት ይበልጣልን አስተምራለሁ፤
ስፌቱ ይጣመማል፤ «ፍታው» እለዋለሁ።
ይፈታል። ይሰፋል። ደግሞ ይፈታል።
ሰዎች «ካንተ ወዲያ ማን አለን?» ይሉኛል፤
«ይበልጣል» እላለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል፤
ስሙ ነው። ምኞቴም ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ባለቤቱ ያልመጣ
ነጭ ሱፍ ነበረኝ፣ ከሣጥን የማይወጣ።
«ይመጣ ይሆናል» ስል እኔው ልሄድ ሆነ፤
ኮት ቆረጥሁ ለራሴ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሰፋ ስጠቅም
ለእኔም አንድ ገላ እንዳለኝ አላውቅም።
ደረቴ ቀንሷል፤ ሁለት ጊዜ አጠበብሁት።
ቅዳሜ ለብሼው ጤፍ ተራን፣ ከብት ተራን ዞርሁበት።
«ሙሽራው!» አሉኝ ሴቶች፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ።
ጠላ ቤት ገብቼ አንድ ጣሳ ጨለጥሁ።
ሐኪም ከልክሎኛል፤
ከማን ልደብቀው? ከጥቅምት?
ዕድሜው ጠበበበት ሲሉ ሰማኋቸው፤
ልክ ናቸው፣ ጠባብ ነው፤ ግን ሰፊ ነው በሏቸው።

የትርንጎን ዩኒፎርም ትናንት ጨረስሁት።
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቀሚሷን ጫፍ
ሦስት ጊዜ አጠፍሁት፣ ላላ አድርጌ ወጋሁት፣
እጥፉ ለየዓመቱ አንድ አንድ እንዲፈታ።
«አባ፣ ለምን ከበደ?»
«ትርፍ ጨርቅ ስላለው።»
«ትርፉ ለምንድን ነው?»
መርፌ ነክሼ ነበር፤ አልመለስሁላትም።

ስትረዝሚ ይበልጣል አንዱን ይፈታልሻል።
የታጠፈው ጨርቅ ፀሐይ አላየውም፣
ከሌላው ይደምቃል።
ያችን ደማቅ መስመር ጉልበትሽ ላይ አይተው
ልጆች ከሳቁብሽ፣
«አባቴ እዚህ እንደምደርስ ያውቅ ነበር» በያቸው።

የፔዳሉ ዘይት መሳቢያው ውስጥ አለ።
አላምረው የቁምጣውን ዐርባ ብር አልከፈለም፤
ምሬዋለሁ…
አይ፣ ጠይቁት።
ዕዳ ያለበት ሰው ስሜን አይረሳም።