ቁልፍ ያዥ

እሷ ከላይ ሆና፥ በቧንቧዎች ደን ውስጥ፥
እኔ ከታች ሆኜ፥ ጣቴን ቁልፍ ላይ ሳሰምጥ፥
«ያዝ» ስትል ይዤላት፥ «ልቀቅ» ስትል ለቅቄ፥
ሰባት ክረምት ሄደ በዚህ ወንበር ደርቄ።

ሳሬማ ደሴት ላይ ታኅሣሥ ሲገባደድ
ፀሐይ ለምሳ መጥታ፥ ሳትጠግብ ነው መሄድ።
ለገና አራት ቀን ቀርቷል፤ ትንፋሻችን ይታያል፤
ኦርጋኑም እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

የኧኔ ላፕቶፕ ከደረጃው ጥግ ተቀምጧል፥
ስምንት ዓመቱ ነው፤ ማጠፊያው በፕላስተር ታስሯል።
ቧንቧ ሲነፋ ይሰማል፤ መርፌው ግራ ቀኝ ይላል፤
ሠላሳ ዓመት የለቀመችውን ድምፅ በሆዱ ይዟል።

ዛሬም ያቺ መስኮት ከች አለች፥ በር እንኳ ሳታንኳኳ፤
«አዲሱ ስርዓተ ክወና ደርሷል፤ ልጫነው?» ነገረኛ ለካ!
ኧኔ አርባ ሦስት ጊዜ «ነገ አስታውሰኝ» ብላታለች፤
መስኮቷ ቃሏን አታጥፍም፤ በነጋታው ታስታውሳለች።

«ምን ይመስልሃል?» አለችኝ፥ መዳፏን በጉልበቷ ጠርጋ።
እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
«ሳንካ አለው ይላሉ። ታርቱ ኡርማስ ጭኖት ማይክሮፎኑ ደነቆረ፤
ቧንቧው እየጮኸ፥ መርፌው እንደ በረዶ ተገተረ።
የፓርኑዋ ሄልያ ግን ምንም አልሆነባትም፤
ማራገቢያው ብቻ ያገሳል፤ እሷ እንደሆነ አትተኛም።
ካልጫንኩት ደግሞ ከመጋቢት ወዲያ ጠባቂ የለውም፤
ሌባ በሩን ቢገነጥል፥ መጥቶ የሚዘጋ አይኖርም።»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን» ልላት አሰብኩ፤
የተቀመጥኩበትን ቤት አየሁና ምላሴን ሰበሰብኩ።

ያኔ «ና ውጣ» አለችኝ። በሰባት ዓመት አንድ ጊዜ
ከኦርጋኑ ሆድ ገባሁ፥ ትከሻዬን በእጄ ይዤ።
ሳንካ ሳንካ ስንል፥ ሳንቃው ላይ ነበር ነገሩ፤
በእጅ ባትሪ አበራች፤ የሞቱ ሰዎች በእርሳስ ተሰድረው ኖሩ፦

«1872። ወናፉ ተቀየረ። ያስላል፤ ግን ይተነፍሳል።»
«1909። ሦስት ቧንቧ በአዲስ ቆርቆሮ። የድሮው ይሻል ነበር።»
«1938። ወናፍ ረጋጩ ልጅ ተሰናበተ፤ ሞተር ገባ። ሞተሩ ያጉረመርማል።»
ከሥሩ፥ በሌላ እጅ፦ «ልጁም ያጉረመርም ነበር።»
«1951። ምንም አልነካሁም። ፈራሁ።»

ኧኔ የመጨረሻውን በጣቷ ዳሰሰችው።
ዝም አለች።
ከዚያ ወረደች።

የሠላሳ ዓመቱን ድምፅ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች፤
እሱንም አላመነች፤ ዋና ዋናውን ቁጥር በወረቀት ጻፈች።
ገመዱን ሰካች፥ ጓንቷን አወለቀች፥
«ነገ» የሚለውን እንደ ቀድሞ ፍቅረኛ አየችው፤ አለፈች።
ጣቷ ግን አየር ላይ ቀረ።
«ያዝ» አለችኝ።

ቁልፍ ያዥ አይደለሁ? ያዝኩ።

ጥቁር። ከዚያ ነጭ ክብ። ከዚያ ሠላሳ አራት በመቶ።
ሠላሳ አራት። ሠላሳ አራት። ቄሱ እንኳ ተመለሰ አይቶ።
ባይዘምኑም ዘመን ይሄዳል፤ ቢዘምኑም አይጠብቅ፤
ኧኔም አልጠበቀችም፤ ከካፖርቷ ኪስ ጥልቅ
መቃኛ ሹካ አወጣች፥ በጉልበቷ መታችው፥
እጀታውን በጥርሷ ነክሳ በአጥንቷ አዳመጠችው።
«ያዝ።» «ልቀቅ።» «ያዝ።» አንድ ረድፍ፥ ሁለት ረድፍ።
መስኮቱ ጠቆረ፤ ላፕቶፑን ረሳነው።

ሲነቃ «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት፤ ከስሟ ፊት ግን ባዶ ሳጥን፤
መነሻዋን ፊደል ውጦ፥ «ኔ» ብሎ ጠራት ባለቤቱን።
እኔ የመሃሉን ቁልፍ ያዝኩ፤ ቧንቧው ነፋ።
መርፌው ተኝቷል።
ተኝቷል።
ከዚያ እንደ ቀሰቀሱት ድመት፥ ቅር እያለው፥ ቀና አለ።

እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ መዝዛ ወደ ላይ ወጣች።
ሳንቃው ሲፋቅ ሰማሁ።
በበነጋው በድብቅ አነበብኩት፥ ከፈሪው ሰውዬ ሥር፦
«ተቀየረ። ይሰማል። ስሜን አያውቅም።»

ያን ማታ ግን ገና ሁለት ረድፍ ይቀረን ነበር፤
ጣቶቼን በትንፋሼ አሞቅኩ።
ከላይ፥ ከጨለማው፦
«ያዝ።»