ሁለት ጣት

ታብሌቷ አሮጌ ናት፤ ጥጓ የተሰነጠቀ፣
ቻርጀሯ በፕላስተር ተጠምጥሞ የታነቀ።
ካዘዞ የገዛኋት፣ ከአንዲት የሾፌር ሚስት፣
«የልጄ ዓይን ሊጠፋ ነው፤ ውሰጅልኝ» ባለች ዕለት።
እስክሪብቶዋን ከአዲስ አበባ አስላክሁ፣
ሦስት ወር ሙሉ ቁርሴን እየዘለልሁ።

መጀመሪያ የሣልኋት እቴ ዝማምን ነበር፣
ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትሰፍር።
ፊቷን ቡናማ ሞላሁት፤ ጥላውን በጥቁር፤
ለስላሳ ብሩሽ መርጬ ስደባብስ፣ ስደባብስ፣
ጉንጯ ያለቀ ሳሙና፣ አፍንጫዋ ጭስ።
እሷም አየችውና ሰፍራ ስትጨርስ፣
«ደግ ነው፤ ግን ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ሞታለች?»
አለች።

ጋሽ ልጃለም ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ አራዳ ነው ሱቁ፤
የሰፈሩ ስም ሁሉ በእጁ ነው መድመቁ።
ባነር ማተሚያ መጥቶ እንጀራውን ሳይነጥቀው፣
ጋራዡን፣ ፀጉር ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን የጻፈው እሱ ነው።
ስክሪኔን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ አየና፣
«ጥቁሩን ማን ሰጠሽ?» አለኝ፣ ቆየና።
«ጥላ እኮ ጥቁር አይደለም፤
ፀሐይ ስትወጣ ሰማይ የሚገባበት ቤት ነው፤ ኦና አያድርም።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሱቁን ዘግቶ ወሰደኝ፣
ከግንቡ አጥር ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ አቆመኝ።
«ምን ቀለም ነው?»
«ቡናማ።»
«ጨፈን አድርጊ፤ አትቸኩይማ!»
ጨፈን አደረግሁ። ድንጋዩ ተከፈለ፤
በፀሐይ በኩል ያለው ማር፣ ብርቱካን መሰለ፤
በጥላው በኩል ያለው በወይን ጠጅ አደረ፤
ከሥር ከሥሩ ሣሩ አረንጓዴ አበደረ።
ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ስመጣ፣
ያን ሁሉ ቀለም ማን ደበቀው? ማንስ ነው ያወጣ?

«በትልቁ ብሩሽ ጀምሪ፤
ሜዳ በመርፌ አይታረስም፤ ሽፋሽፍት ኋላ ነው፣ ቆይተሽ ቁጠሪ።
ዳሩንም ሁሉ አታሺ፤ አንዱን እንደ ምላጭ ተዪው፣
አንዱን ከጀርባው አዋህጂው፣ አንዱን ጭራሽ አጥፊው።
ዓይን የጠፋውን ፈልጎ ያገኛል፤ አትናቂው።»

ስሳሳት በሁለት ጣቴ ስክሪኑን ነካ አደርጋለሁ፤
የሠራሁት ይሰረዛል፣ እንዳልሠራሁ እሆናለሁ።
ጋሽ ልጃለም ይህን ሲያይ፣
«እነዚህን ጣቶች በሃያ ዓመቴ ባገኛቸው!» ይላል፤
ለምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ብሩሹን ማጠብ ይጀምራል።

ሌሊት፣ መብራት በፈረቃ ሲደርሰን፣
የቀለሙን ክብ ሳዞር፣ ሳዞር፣ ይነጋል ሳልተኛ።
ሚሊዮን ቀለም አለ ይላሉ፤ ሁሉም በቁጥር የተመዘገበ፤
«ጠይም» የሚል ግን የለም፤ «ቀይ ዳማ»ን ማን አሰበ?
በስንት ቁጥር ይጠራል የእቴ ዝማም ግንባር፣
ከሻሿ ሥር የሚጠቁር፣ በርበሬ ሲነካው የሚያር?

አንድ ቀለም ስላልሆነ ነበር ያጣሁት።
ከታች የወይራ ቅጠል፣ ደብዘዝ ያለ፣ አነጠፍሁት፤
በላዩ የሸክላ ቀይ፣ በደረቅ ብሩሽ፣ ጣል ጣል፤
ከአገጯ ሥር የበርበሬው ነጸብራቅ፣ የሚያቃጥል፤
በጆሮዋ ጫፍ ትንሽ ሰማይ።
የብሩሹን ፈለግ አላጠፋሁም፤ ይታይ።

ቅዳሜ ወሰድሁላት። ዝም አለች።
በአውራ ጣቷ ስክሪኑን፣ ጉንጯ ላይ፣ ጠረግ፣ ጠረግ አደረገች፦
«ምነው አትነግሪኝም፣ በርበሬ ነክቶኛል» አለች።

በማግስቱ ጋሽ ልጃለም ቆርቆሮ ሰጠኝ፤
የወዳጁ ሥጋ ቤት ነው። «ልኳንዳ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።
«ኳ» እግሩ ላይ ስደርስ እጄ ሳተ፤
እኔም ሳላስበው፣ እንደ ልማዴ፣
በሁለት ጣቴ ቆርቆሮውን ነካሁ፤
ቆሜ ጠበቅሁ።

አልተመለሰም።
ሁለት ቀይ አሻራ፣ ጎን ለጎን።
ጋሽ ልጃለም ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤
ጨርቅ አነሳና፣ ቤንዚን ነክሮ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«ተዪው፤
ሥጋ ቤት አይደል?»

አሁን ተሰቅሏል። በአራዳ ስታልፉ
«ኳ» ሥር እዩ፤
ጨፈን አድርጋችሁ።