ሃያ ሦስተኛው በር

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ለጭቃ በሚያስረክብበት፣
ክሊኒክ አለ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ላይኛው ገና ያልተለሰነበት።
ትርሲት ከካርድ ክፍል ደወለች፣ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፦
«ሁሉም ደርቋል፤ ስም አልወጣም፤ ሰው ቆሟል እደጁ ላይ።»
ባጃጅ የለም፤ በእግሬ መጣሁ፣ ውሻ እየጮኸብኝ፣ በሌሊት፤
በጫማዬ አራት ኪሎ ጭቃ — አራት ኪሎ ግን ከዚህ የት!

ከደረጃው ሥር፣ መወልወያና ባልዲ በሚያድሩበት፣
ስዊቹ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ሃያ አራቱንም ባንድነት፤
ዝናብ ሲመጣ እንደሚፈርስ የታክሲ ሰልፍ፣
ሁሉም ይገፋል፣ አንድም አያልፍ።
አንድ «ማነው?» ወጥቶ ነበር፣ ፕሪንተር ፍለጋ፤
ዞሮ መጥቶ ራሱን አገኘ፣ «ማነው?» ብሎ ተጠጋ፤
ሁለት፣ አራት፣ ሺህ ሆኖ መስመሩን ሞላው፤
ሁሉ ጠያቂ ነው፤ መላሽ ቢመጣስ ማን ሰማው?

ገመዱን እየዳበስኩ ሄድኩ፣ እስከ ክትባቱ ክፍል፤
አንዱ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ። ሌላኛውም ጫፍ እዚያው፣ ጎን ለጎን።
ጋሽ ወርዶፋ፣ የሌሊት ዘበኛው፣ ባትሪ እያበራ ከኋላዬ፦
«እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሰው ሲጠልፍ አይቼ፣
ቀዳዳው ባዶ ነበር፣ ሰካሁት። ክፉ ሠራሁ?»

ክፉስ እኔ ነኝ። ባለፈው ግንቦት ትርሲት
«ማሽኑ ሲነሣ ያቆየኛል» ብትል፣ ለግማሽ ደቂቃ ብዬ፣
ስፓኒንግ ትሪ የሚሉትን ዛፍ ከነሥሩ ነቅዬ ነው የሄድኩት።
አልነገርኩትም። ባልዲውን ደፍቼ ላፕቶፑን ጫንኩበትና ጻፍኩ፦

ይኸኛው ስዊች ሥር ይሁን፤ ቁጥሩ ከሁሉ ይነስ፣
እዚህ አገር ዝቅ ያለ ነው የሚነግሥ።
ከአንድ እስከ ሃያ የዳር በሮች ናቸው፤ ሳይጠብቁ ይናገሩ፤
ከዳር የስዊች ሰላምታ ከሰሙ ግን፣ ያንኑ ቅጽበት ይታሠሩ።
የቀሩት ወጋቸውን ይጠብቁ፦
አሥራ አምስት ሰከንድ ማዳመጥ፣
አሥራ አምስት ሰከንድ መማር፣
መናገር ከዚያ በኋላ ነው።
ጋሽ ወርዶፋ ሳቀ፦ «ይቺን ለኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ብትሰካልን!»

ግቢውን ተሻግረን፣ ላቦራቶሪው ዘንድ፣ ታናሹ ስዊች ጋ፣
ሁለት መስመር ከሥሩ ይመጣል፤ አንዱ ሲከፈት አንዱ ተዘጋ።
ሃያ ሁለት አረንጓዴ ሆነ፤ ሃያ ሦስት ብርቱካን መሰለ።
«ይሄኛው ሞተ?» አለ።
አልሞተም። በየሁለት ሰከንዱ የሥሩን ድምፅ ይሰማል፤
ይሰማል፣ ምንም አይልም፤ እንዲሁ ያድራል።
ሽማግሌው ካፖርቱን ሰበሰበ። መብራቷን ቆሞ ብዙ አያት።
«ደመወዝስ ይከፈለዋል?»

ነሐሴ ላይ፣ ለቱቦ ሲቆፍሩ፣ ኤክስካቫተር ሃያ ሁለትን በጠሰው።
ግማሽ ደቂቃ ያህል ትርሲት ቀና ብላ ጠበቀች አሉ፤
ከዚያ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።
ለእኔ ማንም አልደወለም።