ፊት የሚመታው ንፋስ

ሄንቲስ ቤይ ሳይደርሱ፣ ከጨው መንገዱ ዳር፣
በረዶ ሣጥን ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣ፣ ፊቷን ሰጥታ ለባሕር፣
ፔትሪና ጋሪሴስ ሰርዲን ትሸጣለች፤
ዋጋ ከመጥራቷ በፊት፣ "ንፋሱ ከየት ነው?" ብላ ትጠይቃለች።

እኔ ያን ቅዳሜ ከዊንድሁክ የነዳሁ፣
ባለ አምስት ሜትር ዘንግ በወር ደሞዝ ገዝቼ መኪና ጣራ ላይ ያሰርሁ፣
"ንፋስ ምን አገባኝ? ዓሣው ከውሃ በታች፣
ንፋሱ ከውሃ በላይ" አልኳት፤ ሴትዮዋም ሳቀች፤
አስር ሰርዲን ጠቅልላ መልሴን ቆጠረች።

ከምሥራቅ ነበረ። ከበረሃው ሆድ ዕቃ፣
እንደ ምድጃ አፍ ትኩስ፣ አሸዋ አዝሎ የነቃ፤
ባሕሩን ከጀርባው በመዳፉ ገፍቶ፣
ማዕበሉን አስተኛው፣ እንደ አንሶላ ወጥሮ፣ እጥፋቱን አጥፍቶ።
ደስ ሲል! ከኋላዬ የሚገፋ አለልኝ፤
እርሳሱ ሲበር ክሩ እየጮኸ ተከተለ፤ መቶ ሠላሳ ርምጃ፣ ማን ይድረስብኝ?
ከጎኔ የቆመው የጥርስ ሐኪም ዲትሌፍ፣
ከኡሳኮስ የመጡት ሁለቱ ሹፌሮች፣ ሁሉም ባንድ አፍ፣
"ይኼ ነው መወርወር!" አሉኝ። ተኮፈስኩ።
ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ከቀትር እስከ ማታ ጠበቅኩ።

ክሩ አልተነካም።
አንዴ የባሕር ሣር ያዘኝ፤ እሱም ቢሆን አልታገለም።
ውሃው ያማረ፣ የጠራ፣ የረጋ፤
እንደ ተነሣ ማዕድ፣ እንደ ባዶ አልጋ።

ማምሻውን ፔትሪና ሣጥኗን ዘግታ መጣች፤
ቦቲዋን አውልቃ አውራ ጣቷን ነከረች።
"በረዶ ነው" አለች። "ያ ከኋላህ ቆሞ፣
እርሳስህን ያበረረው፣ እንደ አሽከር ተሸክሞ፣
የላዩን ሙቅ ውሃ ጠርጎ ወሰደና፣
የታቹን ቀዝቃዛ ጎትቶ አወጣ፤ ዓሣው ምን ሊያደርግ ይምጣና?
አንተ የደረስከው መቶ ሠላሳ ርምጃ፣
ላንተ ክንፍ የሆነው፣ ለእሱም ሆነው መሄጃ።"

ሌሊት ተገለበጠ።
መጀመሪያ ዝም አለ፤ የድንኳኔ ሸራ ትንፋሹን ዋጠ፤
ቀጥሎ ከደቡብ ምዕራብ፣ ጨው ጨው እየሸተተ፣
መጣ እንደ እርጥብ ጨርቅ፣ ካስማ እየነቀለ፣ ጉሙን እየጎተተ።

ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤
መልኩ የወተት ሻይ፣ ሦስት ረድፍ ነጭ አጥር፣
እየተሠራ የሚፈርስ።
ዲትሌፍ ድንኳኑን ጠቀለለ፤ "ዛሬስ" አለ፣ "የሚሻለኝ የሰው ጥርስ።"
ሹፌሮቹም ሄዱ።
ዘንጌን ልፈታ ስል፣ የፔትሪና ቦቲዎች ባጠገቤ ተራመዱ።

ዘንጓ አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስሯል፤
ክሩ ወደ በረሃ፣ ወደኛ ይጠቁማል።
"ወርውር" አለችኝ። ወረወርሁ በኃይሌ፤
ንፋሱ መለሰው፤ ተጠመጠመብኝ፣ እንደ ድር ባካሌ።
እሷ ግን አልታገለችም፤ በጎን አዙራ፣
ሃያ ርምጃ ብቻ፣ ከመጀመሪያው አረፋ ጀርባ፣ ጣለችው ያለ ፉከራ።

"እዚህ?" አልኳት።
"እዚህ። ማዕበሉ ሌሊቱን ሲቆፍር አድሮ፣
ነጩን ዛጎል ከአሸዋው አውጥቶ፣ ቅርፊቱን ሰብሮ፣
ገበታ ዘርግቷል። ውሃው ደፍርሶ ጥላህን ሸፍኗል።
ያንተን ፊት የሚመታው፣ የዓሣውን ጀርባ ወዳንተ ይገፋል።"

ንግግሯ አላለቀም።
የዘንጓ ጫፍ ሰገደ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛውን አልቆጠርኩም።
ማዕበሉ ሲገፋ ሳበች፣ ሲመለስ ለቀቀች፤
እንደ ገበያ ደንበኛ፣ እያበደረች እየተበደረች።
ካቤልዮ። የነሐስ ቅርፊት፣ ክንድ ተኩል ቁመቱ፤
አሸዋው ላይ ሆኖ አጉረመረመ፣ ከበሮ ይመታ ነበር በአንጀቱ።
ሆዱን ስትከፍተው የዛጎል ስብርባሪ፣
አንድ ሸርጣን፣ ሁለት ጠጠር፤ የሌሊቱ ንፋስ ደረሰኝ ነው፣ ያለ ቆጣሪ።

እኔ ያን ቀን አልያዝኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤
ክሬን ስፈታ ነው የዋልኩት፤ አትሳቁ እባካችሁ።

ዛሬም ዊንድሁክ ላይ፣ ከባሕሩ ርቄ፣
ከምሥራቅ ሲነፍስ እተኛለሁ፣ ብርድ ልብሴን ለቅቄ፤
ግን የምዕራቡ በር ሌሊት ሲንገጫገጭ፣
ሚስቴ "ዝጋው" ብላ ስትጣራ፣ እኔ አለሁ ከበሩ ውጭ፣
በባዶ እግሬ ቆሜ፣ ምላሴን አውጥቼ፣
ጨው አለበት ወይ ስል፣ ፊቴን ለንፋሱ ሰጥቼ።