ወደ ውስጥ የታጠፈው

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከአራዳ ገበያ ጀርባ፣
ሱቄም ሱቅ አትባልም፤ መኪናዬን አስገብታ ሰው የማታስገባ።
ሜትሬ ግን ሰው ያውቃል፤ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሠላሳ ዓመት፣
ማን እንደወፈረ፣ ማን እንዳረገዘ፣
ማን በምን እንደመነመነ ሲመለከት።

መስከረም ላይ እናኑ ልጇን ይዛ መጣች፤
«ማስተዋል አሥራ ሁለት ገባች!»
አለችኝ፣ ፈተናውን ከወዲሁ ያለፈች ይመስል እየሳቀች።
ሰማያዊ ጉርድ፤ ወገብ፣ ስድሳ ስምንት።
ልጅቷ አንድ ቦታ አትቆምም።
«ጋሼ ደርበው፣ ለሩጫ እንዳይጠበኝ» ትላለች፤
ቀሃን በሁለት ዝላይ የምትሻገር ልጅ ነበረች።

ኅዳር ላይ ጉርዱ ተመለሰ፤ ሁለት ጣት አጠበብኩት።
«ሽቅብ ስታድግ ነው» አለች እናቷ፤ እኔም አመንኩት።
ጥር ላይ ደግሞ፣ ከተማው ለጥምቀት አዲስ ሲያሰፋ፣
የሷ አሮጌው ሰፋ።

«ምን ትበላለች?» አልኩ።
«ኧረ በምን ጊዜዋ!» አለች እናኑ።
«ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ቲቶሪያል፣ ማታ ማራኪ ሄዳ ፊዚክስ፣
ቅዳሜ ሞዴል ፈተና፣ እሑድ የቅዳሜውን ማረም፣
መብራት ሲሄድ በስልክ ባትሪ፤
እንቅልፍማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ትተኛዋለች፣ ግድ የለም።»

ሜትሬን ትከሻዋ ላይ ዘረጋሁ፤ ግራው ከቀኙ ወርዷል፤
የቦርሳው ማንገቻ ያለማስመሪያ መስመር አስምሯል።
ፊት ለፊት ያለውን የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ ለማንበብ
ዓይኗን ታጠባለች፤ መዳፏን ጨጓራዋ ላይ ጭና፣ ጎበብ።
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።
ጸሎት መስሎኝ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤
ቀመር ነው።

ፒያሳ ላይ ባነር ተሰቅሏል፣ የአምናዎቹ ባለከፍተኛ ውጤት፤
ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ ልማድ ነው፣ የሙያ ክፋት።
ሁሉም ከአንገት በላይ ናቸው።
ከዚያ በታች ያለውን ማንም አልሰቀለው።

ግንቦት ላይ ብቻዋን መጣች፣ ጉርዱን በፌስታል ይዛ።
«ጋሼ፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት፤ ለፈተናው ቀን እንዳይወርድብኝ።»
ሜትሬ ሃምሳ ዘጠኝ አለ። አፈርኩ፣ እኔ የቀነስኩባት ይመስል።
ጨርቅ የተከመረበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፤
«አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ቲቶሪያል ሊገባ...»
ቃሉን ሳትጨርስ ተኛች።

እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ።
ለነገ የሚደርስ የሠርግ ልብስ ነበረብኝ፤ ይቆይ አልኩ።
መጋረጃዬን ሳብኩ። ስልኳ ሲጮህ
በገበርዲን ቁራጭ ጠቀለልኩት፣ እንደ አራስ።
አንዴ ጥርሷን አፋጨች።
አንዴ «ሲ ነው» አለች፤ «አይ፣ ዲ ነው።»
ከዚያ ቀስ እያለ ግንባሯ ተፈታ፤
የመስከረሟ ልጅ ብቅ አለች፣ ለአፍታ።

እናኑ ስትደርስ መሽቷል።
ቲቶሪያሉ ቀርታ ነው የምትፈልጋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።
አዘዞ መንገድ ዳር ሽንኩርት ትቸረችራለች፣
ያ ክፍል የስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሆነ ታውቃለች፤
እኔ ምን ብዬ ልፍረድባት?
ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ አየቻት፤
መልሳ ዘጋችው።

ጉርዱን ገልብጬ ሰጠኋት።
«እዪው፤ ሦስቴ አጠበብኩት እንጂ መቀስ አላስነካሁትም፤
ትርፉ እዚሁ ነው፣ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤
የተመለሰች ቀን ክሩ ሲሳብ ይፈታል።»

ጣቷን በእጥፋቱ ላይ አስኬደች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።
የሽንኩርት ልጣጭ ከጥፍሯ ሥር ጨርቁ ላይ ወደቀ።
ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ እንዳትቀሰቅሳት።
«ከተኛች» አለች በሹክሹክታ፣ «ስንት ሰዓት ሆናት?»

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።
እሱን አይለካም።