«ሌላ»

ዊኒፔግ ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ ተረስቶ የቀረ ሁሉ
ምድር ቤት ይወርዳል፤ አንድ ነው መጠሪያው፣ አንድ ነው ውሉ፤
ዣንጥላም ይሁን ጓንት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም ቢሆን
ስሙን ከደጅ ጥሎ «ዕቃ» ይባላል አሁን።
እኔ ደግሞ እንጀራዬ ያንን ስም መመለስ፤
በኮድ «አንተ ማነህ?» እያልኩ፣ አንድ ባንድ ማዳረስ።

ከእኔ በፊት ሬይመንድ የሚሉት ሰው የጻፈው
አንድን ነገር ሁለቴ ነበር የሚጠይቀው።
«ዣንጥላ ነህ?» ይላል። «አዎ» ይላል ዕቃው።
አስምሎ እንዳላስማለ፣ መልሱን እንዳልሰማ ሰው፣
«እንግዲያው ዣንጥላ ሁን» ብሎ በግድ ይለውጠው፤
ከዚያ ነው የሚዘረጋው።
አንዳንዴም ጥያቄውን ዘሎ
ጓንቱን «ዣንጥላ» ብሎ
ሊከፍት ሲታገል ይሰበራል፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የእኔ ስልክ ይጮኻል።

ጠርጥር ነው ተረቱ፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።
እኔም ጠረጠርኩ፤ ግን ባጭር።
መጠየቅና ስም ማውጣት፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ባንድ መስመር፦
«ዣንጥላ ከሆንክ፣ ‹ዣ› ብዬሃለሁ።» በቃ። አለቀ ነገር።
«አይደለሁም» ካለ ስሙም አልተወለደ፤
ጥያቄው ይቀጥላል ወደ ታች እየወረደ።
አንዳንዴ «ምንም» ይመጣል፤ መዝገብ ላይ ኖሮ እጅ ላይ የሌለ፤
የሬይመንድ ኮድ እሱንም ሊዘረጋ ታገለ።
የእኔው ዝምታውን «አይደለሁም» ብሎ ያልፈዋል፦

«ሣጥን ሆነህ ውስጥህ አኮርዲዮን ካለ፣ ‹አ› ይሁን፤ ውድ ዕቃ ክፍል ይግባ።
ባዶ ሣጥን ከሆንክ ከቦርሳ ጋር ተሰለፍ፤ ሰልፍ አታዛባ።»
የቀረው፣ ማንም ያልጠራው፣ የመጨረሻው በር፦
«ሌላ»። ጨለማ መደርደሪያ። ሠላሳ ቀን ሲቆጠር
ጨረታ።

መጋቢት ነበር፤ በረዶው ገና እንደ አለት፤
ከአውቶቡስ ኋላ ወንበር አንድ ጥቁር ሣጥን መጣለት
ለዚያ መቃኛችን። ቅርጹ የአኮርዲዮን ነው።
«አኮርዲዮን አለ?» የለም። «ባዶ ነው?» አይደለም። ታዲያ ምንድነው
ብሎ የሚጠይቅ መስመር አልጻፍኩም ነበር።
«ሌላ» ዋጠው፤ ያለ አንዳች ግርግር።

በዘጠነኛው ቀን ዶሪን፣ የመስኮቱ ተረኛ፣
ባለ ሁለት ሹራብ፣ የኮምፒውተር ጥቂት ምቀኛ፣
የአፈር ሽታ አሳስቧት ክዳኑን ብትገልጠው
አሥራ ስምንት የቲማቲም ችግኝ ነው፤
በእርጎ ኩባያ ተተክሎ፣ ነጥቶ፣ ሰልሎ፣
አንገቱን ሁሉ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አዘንብሎ።
ደወለችልኝ። «ፍሬሰላም፣ ዕቃሽ ውሃ ጠምቶታል።»

ሚስተር ፔትሪሺን ሲመጡ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሞልቷል።
«ምን ጠፋብዎ?» «ሣጥን።» «ውስጡስ ምን ነበር?»
ኮፍያቸውን አዞሩ፤ አፈሩ መሰል፤ ኋላ ዝምታው ሲሰበር፦
«አኮርዲዮኑን ከሸጥኩት ቆየ። ሣጥኑ ግን ሙቀት ይይዛል፤
ከልጄ ቤት እስከ ቤቴ፣ ብርዱ ችግኝ ይገድላል።»
ቆጠሩ። አሥራ ሰባት። ደግመው ቆጠሩ።
የዶሪን ዓይኖች ጣሪያው ላይ ቀሩ።

የዚያን ማታ አዲስ መስመር ጨመርኩ፦ «ሣጥን ሆነህ
ነፍስ ያለው ነገር ካለ በውስጥህ፣
‹ነ› ብዬዋለሁ፤ ዶሪን ትጠራ።»
ከ«ሌላ» በታች ብጽፈው ኮምፓይለሩ ቀይ አበራ፦
«እዚህ ማንም አይደርስም፤ የላይኛው ይውጠዋል።»
እውነቱን ነው። የ«ሌላ» ስፋት ማንን ያስተርፋል?
አንስቼ ከሁሉ በላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ዓመት ሆነው። በዚያ መስመር አንድም ነገር አላለፈም።
አዲሱ ልጅ፣ ዴቪንደር፣ ትርፍ ቃል አይወድም፤
ትናንት ወደ ስክሪኑ ጠርቶኝ፣ በጣቱ እያሳየ፣
ቡናማ እስኪርቢቶውን በጥርሱ እያኘከ ቆየ፤
«ይሄ የሞተ ቅርንጫፍ ነው» አለኝ። «ልቁረጠው?»
በመስኮቱ አየሁ። ገና መጋቢት ነው።
«ትንሽ ጠብቅ» አልኩት።