የጎማ ድንጋይ

ከሸዋ ሮቢት ማሾ ጭኖ ሽቅብ ሲመጣ፣
ደብረ ሲና ላይ አነሳኝ፣ ከነሻንጣ።
"ካፒቴን!" አለኝ ወንድሜ ጌጡ፣ በሩን እየከፈተ፤
ረዳት ነኝ ብዬው ነበር፤ ሳቀና ማርሽ ጎተተ።

ቆሎ ሻጮቹ በሩጫ ተከተሉን፤
በላስቲክ የቋጠሩትን ሽቅብ አቀበሉን።
አንዱን ጭኔ ላይ ጣለው፣ ከወረቀቱ በላይ።
"ምንድን ነው ይሄ?" አለ፣ ዓይኑ አቀበቱ ላይ።

"ውል ነው" አልኩት። "ከኩባንያው ጋር ድርድር ላይ ነን፤
ደመወዝ ሃያ ሁለት በመቶ ሊጨምሩልን።
በምትኩ፣ ከበረራ በረራ ያለችው ዕረፍት፣
ከአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አሥር ትውረድ ነው የሚሉት።
ሐሙስ ነው ቁርጡ። ተወካዮቹ ሰባት ነን፤
ሦስቱ ፈርመዋል፤ ሦስቱ እምቢ። ሁሉም የሚያዩት እኔን።"

"ሃያ ሁለት በመቶ!" አለና አፏጨ፣
"ለዚያ ብር የኔ ዓይን፣ ዓመት ባፈጠጠ!
አንተም ሹፌር ነህ፣ እኔም፤ ሁለታችን ጭነት፤
እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሁት?"

እውነቱን ነው። የኔም ቤት የባንክ ብድር አለበት።
ልጄ ጥርስ አበቀለች፤ በስልክ ነው ያየሁት።
ሃያ ሁለት በመቶው ጥርሷን አያሳየኝም፤
ብድሩን ግን ይከፍላል። ይህን አልክድም።

ከዚያ ጉሙ መጣ፣ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ፣
መንገዱን እንደ መንዝ ባና ጠቅልሎ፣ መብራታችንን ውጦ።
ጌጡ ዘፈኑን አጠፋ፤ ሁለት ጊዜ አዛጋ፤
በሦስተኛው፣ ከጣርማበር ዋሻ በታች፣ ጥግ ላይ ተጠጋ።

"ውረድና ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ሸጉጥ፤
ሃያ ደቂቃ ልተኛ። እኔ የለሁም፤ ዓይኔ ነው ዝም ብሎ ሲያፈጥ።"

ከወንበሩ ሥር አወጣሁት። ጥቁር ነው፤ ባለ ሦስት ማዕዘን፤
አንድ ጎኑን ጎማ ልሶታል፤ እጅ ላይ ይከብዳል እንደ ሐዘን።
በተወለወለ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ወረድኩ፤
ሁለት መቶ ኩንታል ማሾ በአንድ ድንጋይ አሰርኩ።

ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት፣
"እናንተስ?" አለኝ። "ሲመጣባችሁ፣ ድንጋዩን የት ታገኙት?"

መልሴን ሳይሰማ አንኮራፋ።
ተመስገን።

ምን ልለው ነበር? ቀይ ባሕር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣
አራተኛ ቀናችን ነው፤ ንጋት የለው፣ መዓልት የለው፣ ሁሉም ሌሊት።
ካፒቴን እንግዳወርቅ ተራው ነበረ፤ "ትንሽ ልረፍ" አለኝ፤
ደንቡ ይፈቅዳል። ነቅቶ የሚጠብቀው እኔ ነኝ።
የጅዳ መብራት በግራዬ ነበረ፤ ወርቅማ፣ ዝርግ፣ ብዙ፤
ዓይኔን ስገልጥ ከኋላችን ነው። የት ገቡ ያ ሁሉ ጓዙ?
ራዲዮው ቁጥራችንን እየደጋገመ ይጠራል፤
በትዕግሥት፤ የታመመ ሰው እንደሚቀሰቅስ፤ ደግሞ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጠራል።
"አለን" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።
ስንት ደቂቃ? አላውቅም። ያችን ሌሊት ለማንም ሳልናገር፣

ይኸው እዚህ ተቀምጫለሁ፤ መኪና በጉሙ ውስጥ ሲያልፍ፣
መጀመሪያ ጥሩምባው፣ ቀጥሎ ቢጫ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ንፋሱ ሲገርፍ።
ከፊርማው መስመር ላይ የቆሎ ገለባ አራገፍኩ፤
እስክሪብቶ ፈለግኩ፤ አገኘሁ፤ ከደንኩ።

ሃያው ሞላ። አልቀሰቀስኩትም።
አርባ አደረግሁለት። ይህችን ማንም አልተደራደረባትም።

ነቃ። "ፈረምክ?" አለኝ፣ ዓይኑን በመዳፉ እያሸ።
"አልፈረምኩም።" "ሞኝ ነህ።" ዝም አልን። መሸ።
ሞተሩን አስነሣ። ወረድኩ። እጄ ቀዝቅዞ፣
ድንጋዩ ጭቃው ውስጥ ሰጥሟል፣ ጎማው ሥር ይዞ፤
ልተወው አሰብኩ።
በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ፦

"አንሳው እንጂ! መንገድ ላይ ይተዋል?
ከኋላ የሚመጣ አለ።"